ክርክር፦ የሒሳብ ተማሪ ቀመሩን ይቀበል ወይስ ይፈልግ?

ተከራካሪዎቹ ሁለት የጎጃም የሒሳብ መምህራን ናቸው፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ አንዷ ቡሬ ያስተምራሉ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ቀመር ከመሰጠቱ በፊት ተማሪው ራሱ እንዲፈልግ ጊዜ ይሰጠው?

የደብረ ማርቆሱ መምህር፦
ይሰጠው። «ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ መደብ ስፋቱ ስንት ነው?» ስል ልጆቹ 72 ብለው ዝም ይላሉ። ልገልብጠው። «36 ሜትር ገመድ አላችሁ። በገመዱ አራት ማዕዘን መደብ ክለሉ። ትልቁ የቱ ነው?» አሁን ክፍሉ ይንጫጫል። አንዱ 17 በ1 ይላል፤ ስፋቱ 17 ካሬ ሜትር ብቻ። ሌላዋ 12 በ6 ትላለች፤ 72። 10 በ8 ሲሞክሩ 80፣ 9 በ9 ሲሉ 81። ዙሪያው ያው 36 ነው፣ ስፋቱ ግን ይለያያል። ይሄን በእጁ ያገኘ ልጅ ዙሪያንና ስፋትን በቀላሉ አያምታታም። ከዚያ አንዷ ተነስታ «9 ተኩል በ8 ተኩልስ?» ትላለች። ለእኔ ሒሳብ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

የቡሬዋ መምህርት፦
መምህር፣ ጥያቄዎ ያምራል። ግን 60 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ ነው ያለኝ። ማባዛት ያልያዘው ልጅ ገና ሲጀምር ደወል ይደወላል። ሁለት ሦስት ጎበዞች ያገኙታል፣ ሌላው ይገለብጣል። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። መሠረቱ ሳይያዝ ፍለጋው ከየት ይመጣል? ተመራማሪዎቹ ስዌለርና ኩፐር እኤአ በ1985 በአልጀብራ ያሳዩትም ይሄንኑ ነው፦ ጀማሪ ብቻውን ከሚታገል ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ ቢያጠና ይሻለዋል።

መምህሩ፦
ያ ውጤት የመጣው ቀመር ስለነፈግናቸው አይደለም፤ ስንሰጥ ነው የኖርነው። ደግሞ ጎጃም ላይ ሆነን ቅኔ ቤትን እንዴት እንረሳለን? በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት፣ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ አይመረቅም። ራሱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይፈጥራል፣ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል።

መምህርቷ፦
እዚያ ከመግባቱ በፊት ግን ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል። እሱን ለምን ይዘሉታል?

መምህሩ፦
አልዘለልኩትም። ግን የቅኔ ተማሪው ሰዋስዉን እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ይጀምራል። ለሒሳብም እንዲህ ያለ መነሻ አለው። 1+3? 1+3+5? 1+3+5+7? መልሱ 4፣ 9፣ 16። መደመር የሚችል ሁሉ ይገባበታል። ለምን ሁልጊዜ ካሬ ቁጥር ይመጣል? ብዬ ስጠይቅ ግን ጎበዙም ጠጠር ደርድሮ ያስባል።

መምህርቷ፦
ይችኛዋን እቀበላለሁ፤ ልምምድም ፍለጋም ናት። ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ሲያልቅም መምህሩ ደንቡን ሰሌዳ ላይ አጥርቶ ይጻፍ። ያላገኘው ልጅ ባዶ እጁን አይሂድ።

መምህሩ፦
በሰሌዳው እስማማለሁ። በሳምንት አንዱ ግን አይበቃኝም። ምዕራፍ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ ጥያቄው ይምጣ፣ ቀመሩ ይከተል።

መምህርቷ፦
ለሁሉም ምዕራፍ አልልም። መጽሐፉ ሳያልቅ ሰኔ ቢደርስ ፈተናው ላይ የሚቀመጡት ልጆቹ ናቸው።