ጊዮርጊስ ያለበት ወርቅ

ፒያሳ ቡና እየጠጣን የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ወዳጃችን የአጎቱ ልጅ ከለንደን ይዛለት የመጣችውን የወርቅ ሳንቲም ከኪሱ አወጣ። ሶቨሪን የሚሉት የእንግሊዝ ወርቅ ነው፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1911። በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጓል፣ ፕላስቲኩ ላይ ሳንቲሙ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ የሚያሳየው ደረጃ በቁጥር ተጽፏል። በአንድ ገጹ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ዘንዶውን ሲረግጥ። የያዘው ግን ጦር ሳይሆን አጭር ሰይፍ ነው፣ ልብስ ለብሷል ለማለትም ይከብዳል፤ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ ካለው ሥዕል ጋር ምንም አይገናኝም። ተቀባበልን፣ አደነቅን። ስንት እንደገዛው ሲነግረን ነው ጠቡ የመጣው። በውስጡ ካለው ወርቅ ዋጋ በላይ 40 በመቶ ገደማ ጨምሮበታል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ጓደኛችን አላስጨረሰችውም።

«ቆይ፣ የገዛኸው ወርቁን ነው ፕላስቲኩን?»

«አንቺ ደግሞ! አሮጌ ነው እኮ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ዓይነቱ እያደር ይወደዳል እንጂ አይረክስም።»

«እሺ፣ የ100 ብር ወርቅ በ140 ገዛህ እንበል። ነገ ቸግሮህ ወርቅ ቤት ብትወስደው መቶውንም አይሞሉልህም፣ እነሱም ማትረፍ አለባቸው። ወርቅ 40 በመቶ ቢጨምር እንኳ አንተ ገና ያወጣኸውን አልመለስክም ማለት ነው።»

እሱም ያነበበውን አመጣ። የአሜሪካ ባለ 20 ዶላር ወርቅ፣ የ1933ቱ፣ በ2021 በጨረታ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት አለ። ውሸት አይደለም። ግን የዚያ ሳንቲም ታሪክ ሌላ ነው። 445,500 ተመቶ ሳይሠራጭ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወርቅን ከሕዝብ እጅ ሰበሰበና ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀለጠ፤ የግለሰብ ንብረት እንዲሆን በሕግ የተፈቀደው አንዱ ብቻ ነው። የኛ ሰው ሶቨሪን ደግሞ በዚያው በ1911 ለንደን ላይ ብቻ 30 ሚሊዮን ገደማ ተመቷል። ይህን ስንነግረው ትንሽ ቀዘቀዘ።

እድሜን በተመለከተ ያስቆሙት ጋሼ ናቸው። ወርቅ ቤት አካባቢ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ብዙ አያወሩም።

«ልጄ፣ ጠገራ ብር ታውቃለህ? ሁሉም ላይ 1780 ይላል። በጣሊያን ጊዜ ሮም ላይ የተመታውም 1780 ይላል፣ ለንደን የተመታውም እንደዚያው። ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ብርቅ አያደርገውም።»

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ይሄንን ቢያመጡልዎት ስንት ይሉታል?»

«ከፕላስቲኩ አወጣዋለሁ፣ ድንጋይ ላይ እፈትገዋለሁ፣ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ፣ እመዝነዋለሁ። 22 ካራት፣ 8 ግራም የማይሞላ። ቁጥሩን የሚያነብልህ እዚህ የለም።»

ልጁ እንደመናደድ አለ፣ ግን የመለሰው መልስ ጥሩ ነበር። ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዞሮ፣ «እጅሽ ላይ ያለው አምባርስ? 18 ካራት ነው፣ ከአራት አንዱ እጅ ሌላ ብረት ነው። የእጅ ዋጋ ከፍለሽበታል። ስትሸጪው የእጅ ዋጋውን ማን ይመልስልሻል?» አላት። እውነቱን ነው። እኛ አገር በጌጥ ስም ወርቅ የሚያጠራቅም ሁሉ ይህን ኪሳራ እየከፈለ ነው፣ የሚያወራው ግን የለም። እሷም አልካደችም። «እኔ ግን ሰርግ ላይ አድርጌው እሄዳለሁ» አለች። «እኔም እያወጣሁ አየዋለሁ» አላት። ሳቅን።

በዚህ መሐል አንዱ የአጼ ኃይለ ሥላሴን ወርቅ አነሳ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ከ10 ብር እስከ 200 ብር አምስት ዓይነት ነው፣ ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶ 90 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው። ይሄኛው ስሙን የሚያውቅ ገዢ እዚሁ አለው፣ ዳያስፖራውም ይፈልገዋል። ጋሼም በዚህ ተስማሙ፣ ግን «አስመስሎ የሚሠራም አለ» ብለው ጨመሩበት።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ለአንድ ሳንቲም ከወርቁ በላይ የምትከፍለው ገንዘብ የሚመለሰው ያንን ጭማሪ የሚከፍል ሌላ ሰው በቅርብ ካለ ብቻ ነው። ለንደን ላይ ሰብሳቢ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ጨረታ አለ፤ ፕላስቲኩ ላይ ያለው ቁጥር እዚያ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ላይ ሚዛኑ ነው የሚናገረው። ለመጠባበቂያ ብሎ 40 በመቶ መጨመር ለእኔ አይዋጥልኝም፣ በተለይ 30 ሚሊዮን ለተመታ ነገር።

ሶቨሪኑን ራሱን ግን አልጠላውም። ያው ሳንቲም ያለ ፕላስቲክ፣ ከወርቁ ዋጋ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። ውስጡ 7.32 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ክብደቱ 7.98 ግራም፣ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር፤ ይህ የትም አገር አይለወጥም፣ ስለዚህ ማንም ወርቅ ቤት በሚዛንና በመለኪያ ሊያጣራው ይችላል። ርካሽ ብረትን በወርቅ ለብጦ ይህን ክብደት ለማምጣት ሳንቲሙን ማወፈር ግድ ነው፣ ሲወፍር ደግሞ ይታወቃል። አምባር ላይ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ልክ የለም። በዚህ በኩል ልጁ ከእሷ የተሻለ ገዝቷል፣ ዋጋው ላይ ነው የተበላው።

ሲነሳ ሊሸጠው እንደሆነ ጠየቅኩት። «አልሸጠውም፣ ጊዮርጊስን ወድጄዋለሁ» አለ። ከወደደው ጭማሪውን ለሥዕሉ ከፈለ ማለት ነው፣ በዚያ ማንንም አያገባውም። የአጎቱ ልጅ ሁለተኛ እንድታመጣለት ደውሎላት ነበርና፣ ፕላስቲክ የሌለበትን እንድትገዛ መልሶ እንዲነግራት አስምለነዋል።