«ብርብራ በትነውበት ነው?»

እናቴ ፎገራ ነው ተወልዳ ያደገችው፣ ከጉማራ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ እኛ ጋ ሲያትል መጥታ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ በማግስቱ ዌስት ሲያትል ሎንግፌሎ ክሪክ የምትባለዋ ትንሽዬ ወንዝ ዳር ወክ እያደረግን እያለ አንድ ትልቅ ኮሆ ሳልመን፣ ከባህር ወደ ወንዝ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥል ዓሣ ነው፣ ውሃው ላይ አፉን ከፍቶ እየተንገዳገደ ሲዞር አየን። አንዴ በጎኑ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ዞሮ እዛው። እናቴ ቆም ብላ አየችውና «ምነው፣ ብርብራ በትነውበት ነው?» አለችኝ።

ለማያውቅ ብርብራ ዛፍ ነው፣ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዝና ይንሳፈፋል፣ ከዛ በእጅ መልቀም ነው። ክረምት ላይ ከጣና ወደ ጉማራና ወደ ርብ እንቁላሉን ሊጥል የሚወጣውን ዓሣ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፣ ሌላው ወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ። ትልቁም ትንሹም፣ እንቁላል የያዘችውም አብራ ነው የምታልቀው።

እዚህ ብርብራ የለም፣ ያለው የመኪና ጎማ ነው። ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ ፋብሪካዎቹ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨምሩበታል፣ እሱ አየር ውስጥ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ መርዝ ይቀየራል፣ 6ፒፒዲ-ኪኖን ይሉታል፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ እያለቀ የሚራገፈው ብናኝ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፣ ኮሆ ሳልመን ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከባህር ያን ሁሉ መንገድ መጥታ እንቁላሏን ሳትጥል። እዚሁ የዋሽንግተን ስቴት ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኑት ቆይተው ገዳዩ ይሄ ነው ብለው ያወጡት በ2020 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እኔ ኡበር ነው የምነዳው፣ በቀን አስር አስራ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ነገሩን ለእናቴ ሳስረዳት ትንሽ አፍሬያለሁ፣ አልዋሽም።

ታዲያ ይሄንን ማን ይፍታው? ብቻውን የሚፈታው ሰው እንደሌለ ያሳመነኝ የኒስኳሊ ወንዝ ነው። ወደ ፖርትላንድ ስትነዱ ኦሎምፒያ ሳትደርሱ አይ-5 የሚባለው አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው ወንዝ ማለት ነው፣ ከሬይኒየር ተራራ በረዶ ተነስቶ ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው የባህር ሰርጥ የሚገባው። የወንዙ ባለቤቶች ኒስኳሊዎች፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው፣ በ1854 መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት ሲያስረክቡ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን በውል አስቀርተው ነበር፣ ውሉ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የሚባል የኒስኳሊ ልጅ በ1945 ገና በ14 ዓመቱ በገዛ ወንዙ ላይ ዓሣ አጠመድክ ተብሎ ታሰረ፣ ከዛ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ውሉ ይከበር፣ መጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ የነባር ሕዝቦቹ ድርሻ ነው ብሎ ፈረደ።

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ቂም ይዞ መቀመጥ ይቻል ነበር፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ኒስኳሊዎቹ፣ ገበሬዎቹ፣ ጫካ የሚቆርጠው ካምፓኒ፣ ወንዙ ላይ ግድብ ያለው የታኮማ መብራት ኃይል፣ ወንዙ ዳር ሰፊ መሬት የያዘው የጦር ሰፈር ሳይቀር አንድ ጠረጴዛ ከበው መነጋገር ጀመሩ፣ በ1987 የወንዙ ፕላን ጸደቀ፣ ከዛ ጠረጴዛ የወጣው የወንዙ ካውንስል እስከ ዛሬ አለ። በ2009 ደግሞ ወንዙ ባህር የሚገባበት ጋ ከመቶ ዓመት በላይ የባህሩን ውሃ ከልክሎ የኖረ የድሮ የወተት እርሻ የአፈር ግድብ ተነሳና 762 ኤከር፣ ወደ 308 ሄክታር ማለት ነው፣ ለባህሩ ተመለሰ። የሳልመን ጫጩት ወደ ባህር ከመግባቱ በፊት እዚህ ቦታ ነው የሚበላው፣ የሚወፍረው፣ ጨው የሚለምደው። ዳክዬውም ሌላውም ወፍ ተመልሶ አብሮት ይበላል። ሂዱና እዩት፣ የእንጨት መሄጃ ተሰርቶለታል፣ ለልጆችም ይመቻል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ለማለት አይደለም። ሌላው የሳልመን ዓይነት፣ የፒውጀት ሳውንድ ቺኑክ፣ በ1999 የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ጋር ተመዝግቦ አሁንም እዛው መዝገብ ላይ ነው። እኔ ግን የምይዘው አንድ ነገር አለ፦ ሰው ዝም ብሎ «ተባበሩ» ይላል፣ የቦልት ፍርድ ባይኖር ኖሮ ኒስኳሊዎቹን ማን ወንበር ይሰጣቸው ነበር? መጀመሪያ መብታቸው ታወቀ፣ ከዛ ነው ሽርክናው የመጣው።

የኛ ሰው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። ሬይኒየር ቫሊ፣ ሬንተን፣ ታክዊላ ሞልተናል፣ ታክሲውንና ኡበሩን ከሚነዱት ብዙዎቹ ሀበሾች ነን፣ ስለ ጎማና ስለ ወንዝ ሲወራ ግን የለንም። ዌስት ሲያትል ሃይ ፖይንት የሚባለው ሰፈር ብዙ የምስራቅ አፍሪካ ሰው ይኖራል፣ መንገዱ ዳር ያለው ጎድጎድ ያለ ተክል የተተከለበት ቦታ የመንገዱ ውሃ ወደ ሎንግፌሎ ክሪክ ከመውረዱ በፊት እንዲጣራበት የተሰራ ነው፣ እንዲህ አይነቱ አፈርና ኮምፖስት ደግሞ የጎማውን መርዝ እንደሚይዝ ተረጋግጧል። እዛው ሰፈር ስድስት ዓመት የኖረ ጓደኛዬ ግን ለጌጥ ነበር የመሰለው። የነገረው ሰው የለማ!

ሸክሙ ሹፌር ላይ ይጣል እያልኩ አይደለም። ኬሚካሉን ጎማ ውስጥ የጨመርኩት እኔ አይደለሁም፣ ፋብሪካው ነው፣ መቀየርም ያለበት እሱ ነው። በ2023 ፑያለፕን ጨምሮ ሦስት ነባር ሕዝቦች ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት ይሄ ነገር ይታገድልን ብለው አቤቱታ አስገቡ፣ መስሪያ ቤቱም ተቀብሎ አየዋለሁ አለ። እንደዚህ አይነት አቤቱታ ላይ የሹፌሮች ስም ቢኖርበት ምን ያህል ክብደት ይኖረው ነበር፣ ከጎማ ጋር ከኛ በላይ ማን ይውላል?

ወንዝ የሚያጸዳ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ግሩፕ ጋ ደወልኩ፣ ስብሰባቸው ማክሰኞ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው አሉኝ። ሥራ ላይ ነኛ! ለመምጣት እፈልጋለሁ፣ ሰው ይዤም እመጣለሁ፣ ግን እናንተም ወደኛ ኑ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ቡና ይጠጣል፣ ግማሹ ሹፌር ነው አልኳቸው። የስልክ ቁጥሬን ወስደዋል። እናቴ ፎገራ ከተመለሰች ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «መጡ እንዴ ሰዎቹ?» ትለኛለች።