በር ላይ የተለጠፈው ሰማያዊ ወረቀት

አገር ቤት ያደገ ሰው የንግድ ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ካየ አእምሮው ውስጥ የሚመጣው አንድ ቃል ነው፦ «ታሽጓል»። እንግሊዝ አገር በምኖርባት ትንሽ ከተማ መሀል፣ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ የጫማ መደብር በር ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት ሳይ እኔም «ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?» ብዬ ተጠጋሁ። ለካ ሊከፈት ነው! አንድ ሰውዬ ቤቱን ባንድ የሚጫወትበት መጠጥ ቤት ሊያደርገው አስቧል። የምትቃወሙም የምትደግፉም እስከዚህ ቀን ድረስ ለምክር ቤቱ ጻፉ ይላል።

ነገሩ ገርሞኝ ትንሽ ቆፈርኩ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ይሄን የሚገዛው የ2003ቱ የፈቃድ ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ወረቀቱ ሰማያዊ መሆን አለበት፣ የፊደሉ መጠን ከ16 ማነስ የለበትም፣ 28 ቀን እዚያው ተለጥፎ ይቆያል፣ በአካባቢው ጋዜጣም ይወጣል። ተቃውሞ ከመጣና መስማማት ካልተቻለ የምክር ቤት አባላት ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ተቃዋሚውም «እኔ ሙዚቃ አልወድም» ብሎ አይገላገልም። ሕጉ የሚያውቀው አራት ጉዳይ ብቻ ነው፦ ወንጀል፣ የሕዝብ ደህንነት፣ የአካባቢ ረብሻና የልጆች ጥበቃ።

ስብሰባው ለማንም ክፍት ስለነበር ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከመደብሩ ፊት ለፊት ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ተነሱና «ጊታሩ አይደለም የሚያስቸግረኝ፣ መስኮቴን የሚያንቀጠቅጠው ቤዝ ነው፣ ከሱም የሚብሰው ደግሞ ለማጨስ ወጥቶ እየጮኸ የሚያወራው ሰው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሰካራም ሲያጨስ ያወራል። ባለቤቱ ግድግዳውን ድምፅ በሚያፍን ነገር እንደሚያለብስ ተናገረ። ተከራከሩ፣ ተመላለሱ። በመጨረሻ ፈቃዱ ተሰጠ፣ ግን ከእነ ቅድመ ሁኔታው፦ መስኮት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይከፈትም፣ ውጭ የሚያጨሰው ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ ሙዚቃው 5 ሰዓት ላይ ያበቃል። በዚህ ያልተስማማ በ21 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሂድ። ሲወጡ ባለቤቱ ለአሮጊቷ በሩን ይዞላቸው አየሁ።

እዚያ ቁጭ ብዬ የማስበው ግን ስለ አክስቴ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ የሚጫወትበት ትንሽ ቤት ከፍቶ ነበር። የኪራይ ውል አለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር አለው፣ የብቃት ማረጋገጫ አለው፣ ንግድ ፈቃዱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስምንት ወር ሠራ። አንድ ዓርብ፣ ያውም ሰው በሚመጣበት ሰዓት፣ «ጥቆማ ደርሶን ነው» ብለው መጥተው አሸጉት። ማን ጠቆመ? አይነገርም። ድምፁ ስንት ነበር? የለካ ሰው የለም። ቁጥሩ እኮ በወረቀት አለ። ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል፣ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። ታዲያ ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ የሆነ መንገድ የቱ ነው? ይሄንን ሲጠይቃቸው «አንተ ልታስተምረን ነው?» አሉት።

የጎረቤቶቹንም እውነት መደበቅ አልፈልግም። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ያላት እናት ስምንት ወር ሙሉ ትራስ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተኝታ ይሆናል። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ማንም በሯን አንኳኩቶ አልጠየቃትም። የአክስቴ ልጅም አልጠየቃት፣ ፈቃድ ሰጪውም አልጠየቃት። ስለዚህ አፍ ያገኘችው በጥቆማ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረደላቸውም። እስከ 2005 ድረስ መጠጥ ቤት ውስጥ እስከ ሁለት ሙዚቀኛ ከተጫወተ የመዝናኛ ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። ማሲንቆ የሚመታ አንድ ወንድ፣ የምትዘፍን አንዲት ሴት፣ በቃ ሁለት! አዝማሪ ቤት አይተው ያወጡት ነው የሚመስለው። አዲሱ ሕግ ግን ይሄን ሻረውና ለአንድ ጊታር ሳይቀር ፈቃድ ጠየቀ። ሙዚቀኞቹ ዓመታት ጮኸው፣ በ2012 ሌላ ሕግ ወጣ። አሁን ማይክና ስፒከር የሌለበት ሙዚቃ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ያለ መዝናኛ ፈቃድ ይቻላል። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት ደግሞ በነዚሁ ሰዓታት በድምፅ ማጉያም ማጫወት ይችላል፣ ታዳሚው እስከ 200 ከሆነ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ እስከ 500።

ሌላም ጣጣ አለባቸው። አርባ ዓመት ሙዚቃ የኖረበት ቤት አጠገብ አፓርታማ ይሠራል፣ አዲሱ ገዢ ይገባል፣ በሳምንቱ «ጫጫታ!» ይላል። በዚህ የተዘጋ ቤት ብዙ ነው። ከ2018 ጀምሮ የእንግሊዝ የፕላን መመሪያ ነገሩን ገለበጠው፦ ኋላ የመጣው ገንቢ ነው ድምፅ መከላከያውን የሚሠራው። እኛ ጋ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶቿን ያጣችው በጎረቤት ክስ አይደለም። በ2024 ሰፈሩ ራሱ ፈረሰ፣ ከሳሽም ተከሳሽም አብረው ተነሱ።

ያ የጫማ መደብር ባለፈው ጥር ተከፈተ። የመጀመሪያው ምሽት ሄድኩ። ባንዱ ጥሩ ነበር፣ ግን ልክ 5 ሰዓት ሲል ከበሮ መቺው እንደ ቢሮ ሠራተኛ ዱላውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አዝማሪ ገና ጉሮሮውን በሚጠርግበት ሰዓት! ታላላቆቼ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲደርስ በር ተዘግቶ እስከ ንጋት ይጨፈር እንደነበር ነው የሚያወሩት።

እየሄድኩ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ግን አነሳው። ከኋላው ሙዚቃው ያስተጋባል።

«ከፈቱልህ እንዴ?»

«ምኑን? የጎረቤት ሰርግ ነው እንጂ! ድንኳኑን በሬ ላይ ተክለውት፣ ስፒከሩ መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ለጎረቤት?» አለኝ፣ ያበድኩ ይመስል።