ክቡር 301 ሆይ፣ የት ጣሉኝ?

ይድረስ ለክቡር ሪዳይሬክት፣ የድሮ ሊንክ የተጫነን ሁሉ ወደ አዲስ አድራሻ ለሚያሻግሩ፣ የድሮው ዶክዩመንቴሽን (የሶፍትዌሩ መመሪያ) ወራሽና በር ጠባቂ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ትናንት ሌሊት ካዋረዱኝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰርቨር ወደቀ። ስድስት ሰው ስክሪኔን እያየ ነው። ኤረሩ ደግነቱ ጨዋ ነበር፤ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር «መፍትሔውን እዚህ ያንብቡ» ብሎ ሊንክ አስቀምጧል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በቅርብ የተቀጠረችውን ልጅ «አየሽ፣ ዶክዩመንቴሽን ማንበብ የሚባለው ይሄ ነው» አልኳትና ተጫንኩት።

ብቅ ያሉት እርስዎ ነዎት። «እንኳን ወደ አዲሱ ቤታችን በደህና መጡ!» የሚወነጨፍ ሮኬት ሥዕል፤ ከሥሩ «በነጻ ይሞክሩ» የሚል፣ አልጋ የሚያክል ቁልፍ። መፍትሔ የለም። አድራሻው ጫፍ ላይ ግን የኤረሩ ቁጥር ከነሃሽ (#) ምልክቱ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ብራውዘሩ ይዞት መጥቶ የሚረከበው አጥቷል። ደግሜ ተጫንኩ። ሮኬት። ሦስተኛ ስጫን ልጅቷ በትሕትና «ይቅርታ፣ የቱን ነው የማነበው?» አለችኝ። አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ማይኩን ማጥፋት ረስቶ ነበር።

የራስዎን መፈለጊያ ሞከርኩ፤ የኤረሩን ቁጥር ብሰጠው የዋጋ ዝርዝር አመጣልኝ። ከእኔ በፊት የተቸገሩትን ፈለግኩ። መልሱን የሚያውቅ ሞልቷል፤ ሁሉም «እዚህ ተብራርቷል» ብሎ ሊንኩን ብቻ ለጥፎ ሄዷል። ሁሉም ሊንክ ወደ ሮኬቱ። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ገባሁ፤ የመጨረሻው ቅጂ እርስዎው ራስዎ ኖረዋል! ዓመት በዓመት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ እ.ኤ.አ. 2019 ላይ ገጹን አገኘሁት። መፍትሔው አንዲት የኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) መስመር ነበረች። ለእሷ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

እስቲ ስለ ስምዎ እንነጋገር። 301፣ ሰርቨር ለብራውዘር ከሚሰጣቸው የመልስ ቁጥሮች አንዱ፣ «ለዘለቄታው ተዛውሯል» ማለት ነው። የተዛወረ ነገር የተዛወረበት ቦታ አለው። ገጹ እዚያ ከሌለ አልተዛወረም፣ ሞቷል። ለሞተ ደግሞ 410 አለ፤ «ነበረ፣ አሁን የለም» የሚል ቁርጥ ያለ መርዶ። ምስኪኑ 404 እንኳ «አላገኘሁትም» ብሎ ሐቁን ይናገራል፤ ሰው ቁርጡን ዐውቆ ሌላ መላ ይፈልጋል። አንተ ግን ሬሳውን ደብቀህ ለቀስተኛውን «እንኳን ደህና መጣህ፣ በነጻ ሞክር» ትላለህ! ሰዎች ዓመታት የለፉበትን ጽሑፍ፣ ከነገጹ ከነምሳሌው፣ በአንዲት የኮከብ ምልክት «ሁሉም ወደ ሆምፔጅ» ብለህ ጠረቀምክበት። ገጽን ከገጽ ማገናኘት አሰልቺ ነው፤ ዐውቃለሁ፣ ሠርቼዋለሁ፤ ኤክሴል ላይ በግራ የድሮው፣ በቀኝ አዲሱ፣ ዓይን እስኪጠፋ። ግን ይሠራል! ካልሆነልህም የድሮውን እንዳለ ትተህ ከላዩ «ይህ የቆየ ቨርዥን ነው» የሚል ቢጫ ባነር ለጥፍ። ማን ከለከለህ? የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ደህና አድራሻ አይለወጥም ብሎ መክሮ ነበር። ምክሩ ራሱ ዛሬም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ስለ ኩኪ ፈቃድዎ ዛሬ አላነሳም። ጥግ ላይ ቆሞ «ልርዳዎት?» የሚለው ቦትዎም ሊንክ ሰጥቶኛል፤ ወዴት እንደሚወስድ ለእርስዎ አልነግርዎትም። «የድሮውን ቨርዥን የሚጠቀም የለም» ብለዋል አሉ፤ እኛ የሌለነው ሰዎች ሰላምታ አቅርበናል።

ዛሬ ከሰዓት ገጿን መልሰዋታል ሲባል ሰማሁ። ልጅቷ ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። እኔ ስከፍተው አሁንም ሮኬት ነው፤ ብራውዘሬ ያንን 301 መዝግቦ ይዞታል። «ለዘለቄታው» ሲሉ ከልቡ ያመነዎት እሱ ብቻ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ከሮኬቱ ሥር