ማግኔት የሳበው ቡሎን ሁሉ ተራ ብረት አይደለም

የአማተር ሬዲዮ አንቴና ለምታድሱ፦ «ቡሎኑን ማግኔት ከሳበው ስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) አይደለም፣ ጣሉት» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

304 የተባለውን ስቴይንለስ ማግኔት አይስበውም ማለት ይቻላል። ቡሎን ለማድረግ ሳይሞቅ ሲጨመቅና ጥርስ ሲወጣለት ግን ውስጣዊ አደረጃጀቱ በከፊል ስለሚለወጥ ትንሽ ይሳባል። ዝገት የሚከላከለው ክሮሚየም የትም አልሄደም።

ይልቅ የቡሎኑን ራስ እዩ። በላቲን ፊደል «ኤ2-70» ወይም «ኤ4-80» የሚል ምልክት ካለበት ስቴይንለስ ነው። ባሕር አጠገብ ላላችሁ ኤ4 ይሻላል።

ጉዳቱ ደህናውን ቡሎን መጣል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንዳንዱ በምትኩ «ማግኔት አልሳበውም» ብሎ የናስ ቡሎን በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ ያስራል። እርጥበት ሲያገኛቸው ደግሞ የሚበላው አሉሚኒየሙ፣ ማለትም ራሱ አንቴናው ነው።