ስለ ቄራ ሥጋና ስለ ውጭ ምስር፦ ትንሽ እርማት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጻፋችሁት ይህን ነው፦ «ከቄራ የመጣ ሥጋ የአገር ውስጥ ስለሆነ የአየር ንብረትን አይጎዳም፤ ጉዳቱ ያለው በመርከብ የሚመጣው ምስር ላይ ነው።» ያሳምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

የበሬ ሥጋ ልቀት (ወደ አየር የሚለቀቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ) በአብዛኛው የሚመጣው ከጭነት መኪናው ሳይሆን ከራሱ ከበሬው ነው። ከብት ሲያመሰኳ በግሳቱ ሜቴን ጋዝ ያወጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ፑር እና ኔሜቼክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከበሬ ሥጋ ልቀት ውስጥ የትራንስፖርት ድርሻ በአማካይ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ምስር ግን ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ ቢገባም ልቀቱ ከሥጋው በብዙ እጥፍ ያንሳል። በአውሮፕላን የሚመጣ ትኩስ ፍራፍሬ ሌላ ጉዳይ ነው።

ገቢው ትንሽ ከፍ ያለ የአራት ኪሎ ወይም የሜክሲኮ ቤተሰብ «የአገር ውስጥ ሥጋ አይጎዳም» የሚለውን አምኖ በምስር ወጥ ፋንታ ጥብስ ሲያበዛ፣ ልቀቱን የቀነሰ መስሎት ይጨምራል። ሥጋ አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ በዓል ደርሶ ማን ሊሰማኝ!

ማረጋገጥ የፈለገ አወር ወርልድ ኢን ዳታ በተባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ የምግብ ልቀት ሠንጠረዡን ይክፈት። የበሬ ሥጋውን መስመር ከጥራጥሬው ጋር ያስተያይ። ከሥጋው መስመር ላይ የትራንስፖርቱን ቀለም ለማግኘት ስልኩን ማጉላት ሳያስፈልገው አይቀርም።