አክራ ላይ ለእኛ የተከሰሰው መርከበኛ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በ10ኛው ቀን አክራ ላይ የሚታተም «አፍሪካን ሞርኒንግ ፖስት» የተሰኘ ጋዜጣ «አፍሪካዊ አምላክ አለውን?» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ አፍሪካውያንን በቦምብና በመርዝ ጋዝ ክርስቲያን አድርጉ የሚለውን የአውሮፓውያን አምላክ በምጸት ይሸነቁጣል። እንግሊዞች ጸሐፊውን በአመፅ ቀስቃሽነት ከሰሱት፤ 50 ፓውንድ ተቀጣ። ይግባኙ ለንደን ደርሶ በ1939 (እ.ኤ.አ.) ውድቅ ሲሆን ዳኞቹ ለጥፋተኝነት ሁከት መቀስቀስ እንኳ አያስፈልግም አሉ። ለቅኝ ገዥ ሁሉ የተመቸ ፍርድ ነበር።

ሰውየው ሴራሊዮናዊው አይዛክ ዋላስ ጆንሰን ነው። ስለ ጃንሆይ የጄኔቫ ንግግርና ስለ ሲልቪያ ፓንክረስት ውለታ ሁላችንም ሰምተናል፤ ይገባቸዋልም። የእሱን ስም የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

የተወለደው ፍሪታውን አጠገብ ከድኻ ቤተሰብ ነው። ጉምሩክ ተቀጥሮ ሳለ ከአድመኛ ሠራተኞች ጎን በመቆሙ ተባረረ። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ኤልደር ዴምፕስተር በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ መርከቦች ላይ ባሕረኛ ሆነ። ጥቁሩ ባሕረኛ ከነጩ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈለው እዚያ ነው። የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነውም ያኔ ነው፤ በኋላ ናይጄሪያ ውስጥ ሠራተኛ አደራጀ፣ በጎልድ ኮስት (በዛሬዋ ጋና) ለማዕድን ቆፋሪዎች ተሟገተ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፦ የኢትዮጵያን መወረርና የቆፋሪውን ደመወዝ ለያይቶ አላየም። ገዥዎቹም የፈሩት ይህንኑ ይመስለኛል። ጋዜጠኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱን ከፍሎ ይረሳ ነበር።

በ1938 (እ.ኤ.አ.) አገሩ ተመልሶ የወጣቶች ሊግና የሠራተኛ ማኅበራት አቋቋመ፤ የሊጉ እጩዎች የፍሪታውን ማዘጋጃ ቤት ምርጫ አሸነፉ። በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አገረ ገዥው አሰረው፤ በኋላም ሸርብሮ ደሴት አጋዘው። የተፈታው በ1944 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጃንሆይ በእንግሊዝ ጦር እየታገዙ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ስለ ኢትዮጵያ የጮኸው ይህ ሰው የእንግሊዝ እስረኛ ነበር።

ፖለቲከኛነቱ ግን እንደ አደራጅነቱ አልሰመረለትም። በ1951 (እ.ኤ.አ.) የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ያኔ ግን ሌሎች ቀድመውት ሄደዋል። ሕዝብ ማነቃነቅ የሚችለውን ያህል ፓርቲ አቅፎ መያዝ አልሆነለትም። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ጋና ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። የመማሪያ መጻሕፍታችን የወረራውን ዘመን ወዳጆች ሲዘረዝሩ ከለንደን ባሻገር አክራንም ቢጨምሩ ምን ይከብዳል?